ከሻንጣ የወጣው መርፌ፦ ቢ 12 ከመወጋታችሁ በፊት

ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ዘመድ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ሻንጣውን ሲከፍት ምን ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮሰረት፣ አንድ ሁለት ነጠላ። አንዳንዴ ደግሞ ከታች በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ቀይ ፈሳሽ ያለባቸው አምፑሎች ተደርድረዋል። «ለእማዬ ነው። እግሯን ይደነዝዛታል ስላላችሁኝ ለነርቭ ጥሩ ነው ብለው ሰጡኝ» ይላል መንገደኛው። ማታውኑ መርፌ መውጋት የምትችል ጎረቤት ትጠራለች፣ ቡናው ይፈላል፣ ነገሩ ያልቃል።

እስቲ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያን ካርቶን አትጣሉት፣ ግን ዛሬ ማታ አትክፈቱት። መጀመሪያ ደም ይታይ።

መርፌ እንወዳለን፤ መደበቅ የለብንም። «ክኒኑማ ምን ያደርጋል፣ መርፌውን ውጉኝ እንጂ» የማይል ሽማግሌ በየትኛው ቤት አለ? አገር ቤት ጤና ጣቢያ ድረስ በእግር ተሂዶ ያለ መርፌ መመለስ እንዳልታከሙ የሚቆጠር ነበር። ቫይታሚን ሲሆን ደግሞ «ባይጠቅም አይጎዳ» እንላለን። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ቢ 12፣ እዚህ «ቢ ሽቴም ኤስሬ» የሚሉት፣ ደም ለመሥራትና የነርቮችን ሽፋን ለመጠበቅ ያስፈልገናል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ግሩም ምግብ ናቸው፤ ቢ 12 ግን የላቸውም። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ የምላስ መቁሰል፣ እግርና እጅን መውረርና መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት። ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጎዳ ደግሞ ኋላ ቢታከምም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ መርፌውን የጠየቀችው እናት የጠረጠረችው ነገር ትክክል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው በምን ቅደም ተከተል የሚለው ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚጠረጠር አስቡ። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን (ግሉኮፋጅ ወይም ግሉኮሚን የሚባለውን) ለዓመታት የሚውጥ ሰው አለ? ይህ መድኃኒት ቢ 12 ከምግብ በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ እዚህ ከመጣን ወዲህ ስኳር ምን ያህል እንደበዛ ታውቃላችሁና ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ! ለጨጓራ ኦሜፕራዴክስን የመሰለ ክኒን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰውም፣ ኪጹር ኬቫ የተሠራም፣ ሥጋም እንቁላልም ወተትም የተወ ወጣትም እንዲሁ። ሌላም አለ፦ የአንዳንድ ሰው ሰውነት፣ ቢ 12ን ከአንጀት ለማስገባት የሚረዳውን የጨጓራ ፕሮቲን ራሱ ያጠፋዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጉበት በየቀኑ ቢበላም አይጠቅመውም፤ ብዙውን ጊዜ ሕክምናው የዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ላስረዳ። እናታችሁ ማክሰኞ ማታ ተወጋች እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት ቤዲካት ዳም ትሰጣለች፤ ቢ 12ዋ ከፍ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ መርፌውን ካላወቀ «ጥሩ ነው» ይላል። ከመርፌ በኋላ ቁጥሩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ታዲያ እውነት ጎድሎባት ነበር? በሜትፎርሚኑ ነው ወይስ በጨጓራዋ? የዕድሜ ልክ ያስፈልጋታል ወይስ ለሦስት ወር? ማንም አያውቅም። ካርቶኑ ሲያልቅ መርፌው ይቆማል፣ መደንዘዙ በዓመቱ ይመለሳል። ከዚህም የባሰው፣ መደንዘዙ ከቢ 12 ላይሆን ይችላል። ስኳሩ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ የወገብ ዲስክም እግር ያደነዝዛል፣ ታይሮይድም አለ። መርፌ ተወግተን «እስቲ እንጠብቅ» ስንል ሌላው በሽታ ጊዜ ያገኛል።

በነገራችን ላይ ፎሊክ አሲድም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ቢ 12 የጎደለበት ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከወሰደ የደም ማነሱ ሊሻለው ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን በስውር ይቀጥላል።

ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ከውጭ የሚመጡት አምፑሎች ብዙ ጊዜ ንጹሕ ቢ 12 አይደሉም፤ ቢ 1፣ ቢ 6 እና ቢ 12 የተቀላቀሉባቸው ናቸው። በአንድ አምፑል 100 ሚሊግራም ቢ 6 ያላቸው የተለመዱ ናቸው፤ አዋቂ ሰው ግን በቀን ከ2 ሚሊግራም ያነሰ ይበቃዋል። አንድ ሁለቴ ቢሆን ችግር ላይሆን ይችላል። ለወራት ሲደጋገም ግን ከመጠን ያለፈ ቢ 6 ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል። አያችሁ ነገሩን? ለመደንዘዝ የተወጋነው ያደነዝዘናል፣ እኛም «አልበቃኝም» ብለን እንጨምራለን። አንዳንዱ ድብልቅ ሕመም እንዲቀንስ ማደንዘዣ ሊዶካይን ይጨመርበታል፤ ለዚያ አለርጂ ያለበት ሰው አለ። ደግሞም ቢ 12 ብርሃን አይወድም። መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አምፑል ምን ያህል ኃይል እንደቀረው ማወቅ አይቻልም።

መርፌውን ሮፌ ሚሽፓሃ ካዘዘው ግን አትፍሩት፤ ከታወቁት ሕክምናዎች አንዱ ነው። የተለመደው 1000 ማይክሮግራም ሲሆን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ በሳምንት፣ በመጨረሻም በወር አንዴ ወይም ከዚያ በራቀ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ብሆን ኩፓት ሆሊም ሄጄ አሖት እንድትወጋኝ ነው የምመርጠው። ምክንያቱም ብርቅ ቢሆንም ከባድ አለርጂ ይከሰታል፤ በተለይ ቢ 1 ባለበት መርፌ፣ በተለይም በደም ሥር ሲሰጥ። ከመርፌው በኋላ ጥቂት ደቂቃ እዚያው ተቀመጡ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት በሽፍታ ከተሞላ፣ ራስ ከሳተ፣ ቤት ከሆናችሁ ወዲያው 101 ደውሉ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። መቀመጫ ላይ በዘፈቀደ የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊነካና እግር ሊያሰንፍ ይችላል። ክንድ ላይ ወይም የጭን ውጫዊ ጎን ላይ ከዚህ ነርቭ የራቀ ነው። ደም የሚያቀጥን እንደ ኩማዲን ወይም ኤሊኪስ ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለአሖቷ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ስሪንጅና መርፌ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ። «ባልና ሚስት ነን» አይሠራም፤ ሄፓታይተስ ባልና ሚስት አይለይም።

የደም ማነሱ በጣም የከፋ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖታሲየሙ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም በደም ምርመራ ይከታተለዋል። ይህም ሕክምናውን ሳሎን ውስጥ አለመጀመር ለምን እንደሚሻል ያሳያል። ሽንታችሁ ቀላ ካለ ግን የቫይታሚኑ ቀለም ሊሆን ይችላልና ለአሖቷ ንገሯትና አትደንግጡ።

ሐኪሙ በመርፌ ፋንታ ክኒን ቢያዝስ? «ንቆኝ ነው» አትበሉ። ከ1000 ማይክሮግራም ክኒን ውስጥ ያለ ጨጓራው ፕሮቲን እርዳታ አንድ በመቶ ገደማ፣ ማለትም 10 ማይክሮግራም፣ ወደ ደም ያልፋል። በቀን የሚያስፈልገን 2.4 ነው። ስለዚህ ለብዙ ሰው በየቀኑ ሳያቋርጡ የሚዋጥ ክኒን ይበቃል። ነርቩ በግልጽ ለተጎዳ ወይም ክኒን ለሚረሳ ሽማግሌ ግን መርፌው ይሻላል፤ ያንንም ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት።

ቶር ስትይዙ ካርቶኑን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአምፑሉ ላይ የተጻፈውን ሐኪሙ ያንብበው። ዕብራይስጡ ለወላጆች ከከበደ አማርኛ የሚችል ሜጋሼር ካለ አስጠሩ፣ ከሌለም ከልጆች አንዱ ይሂድ። ይህን በሉ፦ «እግሬን ይደነዝዘኛል፣ ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ መርፌ ገና አልተወጋሁም፣ ቢ 12 ይታይልኝ።» ቀድማችሁ ተወግታችሁ ከሆነም አትፈሩ፣ አትደብቁ፤ መቼና ስንት እንደተወጋችሁ ንገሩት። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ሆሞሲስቴይንን የመሰለ ተጨማሪ ምርመራ አለ።

በየወሩ መርፌ የታዘዘላችሁ ደግሞ ቀኑን ፍሪጅ ላይ በተለጠፈው ሉዋህ ላይ ጻፉት፤ በቲሽሬ በዓላትና በፔሳሕ ሳምንት ክሊኒኩ ብዙ ቀን ስለሚዘጋ ቶሩን ቀደም ብላችሁ ያዙ።