ነፍስ ከተረፈች በኋላ፦ ኤስ ኤም ኤ እና የአካል ተሀድሶ ጥያቄ

እምብዛም የማይከሰቱ በሽታዎች ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሕሙማኑ ቁጥር ማነስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ10 ሺህ ሰዎች ከ5 በማይበልጡት ላይ የሚታየውን፣ አሜሪካ ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ200 ሺህ ያነሱ ሰዎችን የሚይዘውን በሽታ በዚህ ስም ይመድባሉ። የቁጥሩ ማነስ ግን መዘዝ አለው፤ ሕሙማን ጥቂት ሲሆኑ መድኃኒት አምራቹ ገበያ፣ ተመራማሪውም ለንጽጽር የሚበቃ ሰው ያጣሉ። ከእነዚህ በሽታዎች መካከል ባለፉት 10 ዓመታት ሕክምናቸው ፈጽሞ ከተለወጠው አንዱ ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ፣ በአጭሩ ኤስ ኤም ኤ የሚባለው ሲሆን፣ ታሪኩ የዘረመል ሕክምና ምን ያህል እንደተራመደና የአካል ተሀድሶ ምርምር ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ጎን ለጎን ያሳያል።

በሽታው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገኙትንና ከአእምሮ የሚመጣውን ትእዛዝ ለጡንቻ የሚያደርሱትን አንቀሳቃሽ ነርቮች የሚገድል የዘር በሽታ ነው። ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ ቀስ በቀስ ይመነምናል፤ የልጁ ማስተዋልና የመማር ችሎታ ግን አይነካም። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1891 ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈረው ኦስትሪያዊው ሐኪም ጊዶ ቨርድኒግ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ዮሃን ሆፍማን ተከትሎታል። ከ10 ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት በግምት አንዱን ይይዛል። ሁለቱም ወላጆች ጉድለት ያለበትን ዘረመል ተሸካሚ ከሆኑ፣ ራሳቸው ጤነኞች ሆነው ሳለ፣ የሚወልዱት እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ በሽታውን የመውረስ ዕድል አለው። በጣም ከባዱና የተለመደው አንደኛው ዓይነት ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የሚጀምር ሲሆን፣ ሕፃኑ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አይችልም፤ ሕክምና ካላገኘም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በሁለተኛው ዓይነት ልጁ ይቀመጣል እንጂ አይራመድም፤ በሦስተኛው ይራመዳል፣ ሆኖም ኋላ ላይ መራመዱን ሊያጣ ይችላል።

የበሽታው መንሥኤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 በፓሪስ ጁዲት መልኪና ባልደረቦቿ ኤስ ኤም ኤን 1 የተባለውን ዘረመል ባገኙ ጊዜ ነው። ይህ ዘረመል ነርቭ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚያሠራ ሲሆን፣ አጠገቡ ኤስ ኤም ኤን 2 የተባለ መንትያ የሚመስል ሌላ ዘረመል አለ። ሁለተኛው በአንዲት ፊደል ለውጥ ምክንያት ሲነበብ አንድ ክፍሉ ስለሚዘለል፣ የሚያስገኘው ሙሉ ፕሮቲን 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንደኛው ዘረመል የጠፋበት ልጅ በዚህ ትርፍራፊ ይኖራል፤ የኤስ ኤም ኤን 2 ቅጂው ሲበዛም በሽታው እየቀለለ ይሄዳል።

መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ግን የሕሙማኑ ዕድሜ መርዘም ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት በአንደኛው ዓይነት የተያዙ 143 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው፣ ከ1980 እስከ 1994 የተወለዱት ከ1995 እስከ 2006 ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ኋለኞቹ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ መኖራቸው ታይቷል። ልዩነቱን ያመጡት በማሽን የታገዘ አተነፋፈስ፣ ሳልን የሚያግዝ መሣሪያና በሆድ በኩል በተከፈተ ቱቦ መመገብ ነበሩ። ይህን ውጤት ልብ ማለት ተገቢ ነው፤ በዘረመሉ ላይ አንዳች ሳይነካ፣ እንክብካቤ ብቻውን ዕድሜ ጨምሯል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ኑሲነርሰን (ስፒንራዛ) በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ነው። በወገብ በኩል በመርፌ ወደ ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ኤስ ኤም ኤን 2 ክፍሉ ሳይዘለል ሙሉ ሆኖ እንዲነበብ ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በየአራት ወሩ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የተፈቀደው ዞልጄንስማ ደግሞ ጤነኛውን ዘረመል ጉዳት በማያደርስ ቫይረስ ጭኖ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የሚሰጥ ሲሆን፣ ዋጋው 2.125 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ሲገለጽ ዓለምን አነጋግሯል። ሦስተኛው፣ በአፍ የሚወሰደው ሪስዲፕላም፣ በነሐሴ 2020 ተከትሏል።

የሙከራዎቹ ውጤት በጥንቃቄ ሲነበብ ድሉንም ወሰኑንም ያሳያል። በአንደኛው ዓይነት በተያዙ ሕፃናት ላይ በተደረገው የኑሲነርሰን ዋና ሙከራ፣ መድኃኒቱን ካገኙት 73 ሕፃናት 37ቱ በእንቅስቃሴ ዕድገት መሻሻል ሲያሳዩ፣ ወገባቸው ላይ መርፌ ተወግተው መድኃኒት ካልተሰጣቸው 37 ሕፃናት ግን አንድም የተሻሻለ አልነበረም። ሙከራውም ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆሟል። ይሁንና ከ73ቱ ያለ ድጋፍ መቀመጥ የቻሉት 6 ብቻ ነበሩ። በሌላ ሙከራ ምልክት ከመታየቱ በፊት መድኃኒቱን የጀመሩ 25 ሕፃናት ሁሉም ያለ ድጋፍ ሲቀመጡ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 እስከታተመበት ጊዜ 22ቱ ራሳቸውን ችለው ተራምደዋል። ልዩነቱን የፈጠረው ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱ ያለውን ነርቭ ከሞት ይጠብቃል እንጂ የሞተውን አያስነሣም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በሽታውን አዲስ ለተወለዱ ሕፃናት በሚመከሩ የደም ምርመራዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምርመራው ሳይደርስለት ታሞ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ታዲያ በሕይወት ይቆያል፣ ከነድካሙም ያድጋል። ዘወትር በተቀመጠ ልጅ ዳሌና ጉልበት እንደታጠፉ ሲውሉ፣ ጡንቻው፣ ጅማቱና በዙሪያቸው ያለው ሕብረ ሕዋስ እያጠረና እየጠጠረ ይሄድና መገጣጠሚያው መዘርጋት ያቅተዋል፤ ይህ የመገጣጠሚያ መኮማተር ይባላል። ጀርባውን የሚይዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ ደግሞ አከርካሪው ወደ ጎን ይጣመምና ደረትን አጥብቦ ሳንባን ያጨናንቃል። ጥመቱ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ አከርካሪው በብረት ሲታሰርም ኑሲነርሰን የሚወሰድበት መርፌ መግቢያ እንዲያገኝ ሐኪሞች በወገብ አካባቢ ክፍት ቦታ ይተዋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታደሰው ዓለም አቀፍ የእንክብካቤ መመሪያ እንደሚመክረው፣ መቀመጥ ለሚችል ልጅ መገጣጠሚያን የመዘርጋት ልምምድ በሳምንት ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ በመደገፊያ ታግዞ መቆም ደግሞ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ እስከ 60 ደቂቃ ድረስ ያስፈልገዋል። ይህ በተግባር ሲታይ እናት ወይም አባት የልጁን ተረከዝ በአንድ እጅ ይዘው፣ ጉልበቱን በሌላው ደግፈው፣ የእግሩን መዳፍ ቀስ ብለው ወደ ላይ እየገፉ መያዝ፣ ከዚያም ወደ ሌላው እግር፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ ዳሌ መሸጋገር፣ በነገታውም ይህንኑ መድገም ማለት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዋና ሥራ ቤተሰቡን ማስተማርና ለውጡን መለካት ሲሆን፣ ለዚህ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ 33 ተግባራት አሉት። ልጁ ተቀምጦ እጁን ወደ ራሱ ከማንሣት፣ ከጀርባው ወደ ደረቱ ከመገልበጥ ጀምሮ ደረጃ እስከ መውጣት ያለው እያንዳንዱ ተግባር ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠውና ድምሩ እስከ 66 ይደርሳል። ለመድኃኒቶቹ መጽደቅ ማስረጃ ከሆኑት ቁጥሮች ብዙዎቹ በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ የተለኩ ናቸው።

ሆኖም መለኪያውን ለመድኃኒት ያበረከተው ሙያ ለራሱ ሥራ ማስረጃ አላገኘም። ስልታዊ የጥናት ግምገማ በማድረግ የሚታወቀው የኮክሬን ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2019 በሦስተኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ የአካል እንቅስቃሴ ሥልጠና ያለውን ጥቅም ሲመረምር፣ መስፈርቱን ያሟላ አንድ ሙከራ ብቻ አገኘ፤ የተሳታፊዎቹ ብዛት 14 ነበር። በሙከራው ሥልጠናው የአካልን ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ቢያሻሽልም፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱትን ርቀት አልጨመረም። የትኛው እንቅስቃሴ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለየትኛው ዓይነት ሕሙም ይጠቅማል የሚለው በዚህ ማስረጃ ሊመለስ አልቻለም። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም፤ ተረከዝን መዘርጋት የፈጠራ መብት የሚመዘገብበት ባለመሆኑ፣ ሙከራውን በገንዘብ የሚደግፍ ኩባንያ የለውም።

የዋጋው ጉዳይ ጥያቄውን ያከብደዋል። የዞልጄንስማ አምራች ኖቫርቲስ እ.ኤ.አ. በ2020 መድኃኒቱ ባልተፈቀደባቸው አገሮች ለሚገኙ ሕፃናት በዓመት እስከ 100 የሚደርስ መጠን በዕጣ በነጻ ለመስጠት መርሐ ግብር ሲጀምር፣ የሕፃን ሕይወት በዕጣ መወሰኑ ብርቱ ትችት አስነሥቷል። ዕጣው ያልወጣለት ልጅ የሚቀርለት እንክብካቤና ተሀድሶ ነው። በሽታው ከተሸካሚ ወላጆች የሚወረስ በመሆኑ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ስለ ተሸካሚነት ምርመራ አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል፤ የተሸካሚነት የደም ምርመራ የዘረመሉን ቅጂዎች ስለሚቆጥር፣ ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ክሮሞሶም ላይ የተደረቡበትን ተሸካሚ ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳልፈው ይችላል። ይህ አጋጣሚ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው አሜሪካውያን ዘንድ ከአውሮፓውያን ይልቅ በዝቶ በመታየቱ፣ ኢትዮጵያውያን ጥንዶች የምርመራ ውጤታቸውን ከዘረመል አማካሪ ጋር ቢመክሩበት ይበጃል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ተሀድሶ ሊጠቅማቸው የሚችል የጤና ችግር ያለባቸው ሰዎች ወደ 2.4 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ተገምቷል፤ በመሆኑም ተሀድሶ ለጥቂቶች የሚሰጥ ትርፍ አገልግሎት አይደለም። ለአንድ መርፌ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል የጤና ሥርዓት ያዳነው ልጅ መገጣጠሚያው ተኮማትሮ፣ ጀርባው ጎብጦ እንዳይቀር የሚያስፈልገውን አብሮ ሊያስጠናና ሊከፍል ይገባዋል። አሥራ አራት ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ሙከራ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል ሊሆን አይገባውም።