በኮምፒዩተር በተጻፈ ዜማ የየክፍሉን ድምፅ ስለ መመጠን

ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚያዜሙት ዜማ በኖታ ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መስመር ይሰጠዋል። በአውሮፓ የመዘምራን ሥርዐት እነዚህ መስመሮች ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ይባላሉ። ዛሬ ኖታ የሚጻፍባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የተጻፈውን መልሰው ያሰማሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ያለ ዋጋ የሚታደለው ሙዝስኮር ነው። ነገር ግን አራቱ ድምፆች ባንድነት ሲሰሙ የመካከለኞቹ በላይኛው ድምፅ ስለሚሸፈኑ፣ አልቶውን ሊማር ለሚሻ ሰው ለይቶ መስማት ያስቸግረዋል። ስለዚህ አንዱን አጕልቶ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ማሰማት ያስፈልጋል። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ፤ የሁለቱ ጠባይ ግን የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው በጽሕፈቱ ላይ ምልክት ማኖር ነው። ዝግ ላለ ድምፅ ፒያኖ፣ ለጉልሁ ፎርቴ የሚሉት የኢጣልያ ቃላት ከጥንት ጀምሮ ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው፤ ጆቫኒ ጋብሪየሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1597 ዓ. ም. በቬኒስ ባሳተመው ሥራ ውስጥ ጽፏቸዋል። ፕሮግራሙ ምልክቱን ወደ ቍጥር ይለውጠዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ዓ. ም. የወጣው ሚዲ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያዎች ስምምነት የኖታን ኀይል ከ127 በማይበልጥ ቍጥር ይለካል፤ ሙዝስኮርም ሌላ ካልታዘዘ በቀር ለፒያኖ 49፣ ለፎርቴ 96 ይሰጣል። ምልክቱ ከተጻፈበት ስፍራ ጀምሮ ሌላ ምልክት እስኪተካው ድረስ ይጸናል።

ሁለተኛው መንገድ ሚክሰር የሚባለው ሰሌዳ ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መቈጣጠሪያ አለ። ከእርሱም ጋር ክፍሉን ፈጽሞ ዝም የሚያሰኝና ብቻውን የሚያሰማ ሁለት ቍልፎች አሉ። ሚክሰሩ የክፍሉን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመጥናል እንጂ የተጻፈውን ገጽ አይነካም። ዳሩ ግን ሶፕራኖና አልቶ በአንድ መስመር ላይ ተደርበው የተጻፉ እንደ ሆነ መቈጣጠሪያቸው አንድ ብቻ ስለሚሆን፣ አስቀድሞ ለየብቻ መጻፍ ይገባል።

ሁለቱን መንገዶች ማደባለቅ ጉዳት ያመጣል። አንድ የመዘምራን አለቃ አልቶውን ለመስማት ብሎ በመስመሩ ላይ ፎርቴ ቢጽፍ፣ ገጹ ታትሞ ሲታደል ዘማሪዎቹ ምልክቱን እንደ ትእዛዝ ተቀብለው ይጮኻሉ፤ ዋናው ዜማም ይሰወራል። በሚክሰሩ አጕልቶ ቢሆን ግን የአልቶ ዘማሪዎች የሚለማመዱበትን ድምፅ ቀድቶ ይሰጣቸዋል፤ ጽሕፈቱም እንደ ነበረ ይኖራል።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው የሕዝብን ዜማ ከቃል ወደ ጽሕፈት በሚያመጡ ሰዎች ላይ ነው። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተቀባብለው በሚያዜሙት ዘፈናቸው የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ዘፈን የሚጽፍ ሰው አንዱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ እያሰማ ጽሕፈቱን ከተቀዳው ጋር ማስተያየት ግድ ይሆንበታል። ለራሱ ጆሮ ሲል ያኖረውን ምልክት ሳይፍቅ ቢተወው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው አንባቢ የጸሓፊውን ምቾት የዘፋኞቹ ልማድ ነው ብሎ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ለሰሚው ጆሮ የሚያስፈልገው በሚክሰሩ ይፈጸም፤ በገጹ ላይ ግን ዘፋኞቹ በእውነት ያደረጉት ብቻ ይጻፍ።