የሥነ ልቦና ሕክምና ሲያበቃ፦ በታካሚውና በባለሙያው መካከል ያለው ስንብት

የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ማለትም ባለሙያና ታካሚ በተወሰነ ቀንና ሰዓት እየተገናኙ በንግግር የሚያካሂዱት ሕክምና፣ ከሌሎች የቅርብ ግንኙነቶች የሚለየው ስኬቱ በመለያየት የሚመዘን በመሆኑ ነው። ታካሚው ለወላጁም ሆነ ለትዳር ጓደኛው ያልገለጠውን ገመና ለባለሙያው ይነግራል፣ ባለሙያውም ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ያዳምጠዋል፤ የዚህ ሁሉ ቅርበት ዓላማ ግን ታካሚው ያለ ባለሙያው ሕይወቱን መምራት እንዲችል ማድረግ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ሥራው ካለቀ በኋላ ለወጉ የሚደረግ ስንብት ሳይሆኑ የሕክምናው አካል፣ ብዙ ጊዜም ከባዱ ክፍል ናቸው።

ጉዳዩ ከሙያው ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሳይኮአናሊሲስን፣ ማለትም ከንቃተ ኅሊና በታች የተደበቁ ፍላጎቶችንና ትዝታዎችን በንግግር የማውጣት ስልትን የመሠረተው ሲግመንድ ፍሮይድ ከ1910 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቪየና ያክመው የነበረ፣ በሙያው ጽሑፎች «የተኩላው ሰው» በሚል ስም የሚታወቅ ሩስያዊ ወጣት፣ ሕክምናው ተመችቶት ወደፊት መራመድ ባቆመ ጊዜ ፍሮይድ የሚያበቃበትን ቀን ቆርጦ ነገረው። ወጣቱም ቀኑ እንደማይለወጥ ሲረዳ እስከዚያ ያልተናገረውን መናገር ጀመረ፣ ሕክምናውም በ1914 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፍሮይድ ተመልሶ መጣ፣ በ1920ዎቹም ሩት ማክ ብሩንስዊክ በተባለች ሌላ ባለሙያ ዘንድ ታከመ። ፍሮይድ በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳመነው፣ ቀን ቆርጦ ማስገደድ ከተደበቀው ከፊሉን ቢያወጣም የቀረውን ይበልጥ ሊቀብረው ይችላል።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ገደቡን በመካከል ከመጣል ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በግልጽ ማስቀመጥን መረጡ። አሜሪካዊው ጄምስ ማን በ1973 ባቀረበው ስልት ሕክምናው 12 ቀጠሮ ብቻ የሚቆይ ሲሆን፣ ታካሚው የሚያበቃበትን ቀን ገና ሲጀምር ያውቀዋል። በለንደን ይሠራ የነበረው አንቶኒ ራይል የመሠረተው፣ አብዛኛውን ጊዜ 16 ቀጠሮ የሚፈጀው ስልት ደግሞ የስንብት ደብዳቤን የሕክምናው መሣሪያ አድርጎታል። ባለሙያው ወደ መጨረሻው ላይ በሚጽፈው ደብዳቤ የተገኘውን ለውጥ ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንና ታካሚውን ቅር ሊያሰኝ የሚችለውንም ጭምር ያሰፍራል፤ ታካሚውም የራሱን እንዲጽፍ ይጋበዛል። ቅሬታ ሳይዋጥ፣ ምስጋናም ሳይጋነን መለያየት ለሚከብደው ሰው፣ በተለይም ቀድሞ የወደዳቸውን ሰዎች በሞት ወይም በድንገተኛ መለየት ላጣ ሰው፣ ይህ ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያው የተሟላ ስንብት ሊሆን ይችላል፤ የስልቱ ትልቁ ጥበብም እዚህ ላይ ነው።

ሙያው ለረጅም ጊዜ የሕክምናን ፍጻሜ ከሐዘን ጋር አያይዞ ነበር የሚመለከተው። ቻርለስ ጌልሶና ባልደረባው ጆሴፍ ማርክስ በ1987 በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ማዕከል በነበሩ ታካሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ግን አብዛኞቹ ከሐዘን ይልቅ እርካታ ይበዛባቸው እንደነበር ታየ፤ በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች የተጓዙበትን መለስ ብለው ይገመግሙና የወደፊቱን ያቅዱ ነበር። ይህ ማለት ናፍቆትና ስጋት የለም ማለት አይደለም፤ በራስ የመኩራትና የማጣት ስሜት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሊፈራረቁ ይችላሉ፣ የተሻላቸው ሰዎች መለያየቱ ሲቃረብ የቀድሞው ሕመማቸው ያገረሸባቸው እስኪመስላቸውም ይደርሳሉ።

ብዙ ሕክምናዎች ግን ያለ ስንብት ነው የሚቋረጡት። ጆሹዋ ስዊፍትና ሮጀር ግሪንበርግ በ2012 ከ83,000 በላይ ታካሚዎችን የሚመለከቱ 669 ጥናቶችን አሰባስበው ባደረጉት ትንተና ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ገደማ ሕክምናውን ሳይጨርስ እንደሚያቋርጥ አሳይተዋል፤ ወጣቶች ይበልጥ ያቋርጣሉ፣ ገና በሥልጠና ላይ ያሉ ባለሙያዎች የሚያክሟቸውም እንዲሁ። ያቋረጠ ሁሉ ግን ቅር ብሎት የቀረ አይደለም፤ የሚፈልገውን ያህል ተሽሎት «ይበቃኛል» ብሎ የሚቀርም አለ፣ ይህን ፊት ለፊት መናገር ስለሚያፍርም ስልክ ሳያነሣ ይቀራል።

ባዶ ወንበር ይዞ የሚቀረው ባለሙያስ? ስለ እርሱ የሚጻፈው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል፤ በታካሚው መሻሻል ሲደሰት «የበለጠ ማድረግ እችል ነበር» የሚል ጸጸትም ያድርበታል፣ ሙያዊ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ደግሞ ከቤተሰቡም ሆነ ከወዳጆቹ ጋር ስለ ታካሚው እንዳያወጋ ያግደዋል። ቦየርና ሆፍማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ያሳተሙት ጥናት እንዳመለከተው፣ በራሳቸው ሕይወት ብዙ መለያየትን ያሳለፉ ባለሙያዎች ሕክምና ሲያበቃ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ከፍ ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መለያየት የከበደው ባለሙያ ምክንያት እየፈለገ ቀጠሮውን ሊያራዝም ይችላል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ታካሚውን አገልግሎቱ እንደማያስፈልገው፣ እንደማይጠቅመው ወይም እንደሚጎዳው በግልጽ ሲታወቅ ሕክምናው እንዲቋረጥ የሚያዝዘው በከፊል ለዚህ ነው። በዚህ ሙያ አንድ ባለሙያ ሥራውን ከእርሱ በላይ ልምድ ላለው ባልደረባ እያቀረበ የሚመክርበት ክትትልም እንዲህ ላለው ጊዜ ይጠቅማል፤ ክትትል የሚያደርገው ባልደረባ የሚያነሣው ጥያቄ ታካሚው ለመለያየት ዝግጁ ነው ወይ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ባለሙያው ራሱስ ዝግጁ ነው ወይ የሚል ጭምር ነው።