ጉልበቱ በየት በኩል ይመጣል?

የአናጢ ጠረጴዛ ለመሥራት የተነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ «ጋሼ፣ በሚስማር ልምታው ወይስ በብሎን ልሰረው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጉልበቱ በየት በኩል እንደሚመጣ እጠይቀዋለሁ። የምግብ ጠረጴዛን ክብደት ከላይ ይጫነዋል እንጂ የሚገፋው የለም። የእኛ ግን ጣውላ ሲላግበት ቀኑን ሙሉ በርዝመቱ ይገፋል፣ ይመለሳል። ለዚህ ሚስማር አይሆንም። ሚስማሩ ባይሰበርም ዙሪያውን ያለውን እንጨት እየፈጨ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ በመዶሻ ቢመቱት የሚይዘው ለጥቂት ቀን ነው።

በእኔ እምነት በግራ ያሉት ሁለት እግሮች እርስ በርስ፣ በቀኝ ያሉትም እንዲሁ ለዘለቄታው ይጋጠሙ፤ በርዝመት የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች ግን የሚፈቱ ይሁኑ።

እግሮቹን በወንዴና ሴቴ ነው የምገጥማቸው። የወንዴው ውፍረት የእንጨቱን ሲሶ ያህል ነው። መጀመሪያ የሴቴውን ግድግዳ በስቼ ወንዴውን አስገባለሁ፤ በቀዳዳው በኩል ምልክት አድርጌ መልሼ አወጣዋለሁ። ወንዴውን የምበሳው ግን ምልክቱ ላይ ሳይሆን ወደ ትከሻው 2 ሚሊሜትር ያህል አስጠግቼ ነው። ጫፉ የሾለ የወይራ ችንካር ሲመታበት ሁለቱ ቀዳዳዎች ሊተካከሉ ሲሉ መጋጠሚያውን ይስቡታል፤ ትከሻውም እግሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ኮላው ቢለቅ እንኳ ችንካሩ ይይዘዋል።

አግዳሚዎቹን በብሎን የማስረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንሠራው በኪራይ ቤት ስለሆነ ልቀቁ ስንባል ጠረጴዛው ተፈትቶ በጠባቡ በር መውጣት አለበት። ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ከገበያ የምንገዛው ሞራሌ ብዙ ጊዜ እርጥበቱ አልወጣለትም፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያውም ይላላል። ያኔ መፍቻ ይዞ ማጥበቅ ነው። ብሎን ብቻውን ግን አይበቃም፤ የአግዳሚው ጫፍ አጭር ወንዴ ይኑረው። ክብደቱንና መጠማዘዙን ወንዴው ይሸከማል፣ የብሎኑ ሥራ መሳብ ነው። ዳዶው የሚቀመጥበት ቀዳዳም ከአግዳሚው ጫፍ ራቅ ይበል፤ ጫፉ አጠገብ ከሆነ ሲጠብቅ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

የላይኛው ጣውላ ሌላ ጸባይ አለው። እንጨት የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ በኮላ አላጣብቀውም። የፊቱን በኩል ከሥር አጠብቅና የኋላውን ብሎን በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ አሳልፋለሁ፤ ክረምት ሲያብጥ መንሸራተቻ ያገኛል፣ የመላጊያው ምላጭም ከብረት አይጋጭም። ፈረንሳዊው አናጢ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው የእንጨት ሥራ መጽሐፍ ግን የአናጢ ጠረጴዛው እግሮች ጫፍ ወፍራሙን የላይ ጣውላ በስቶ እንዲያልፍ አድርጓል። እጅግ ጠንካራ አሠራር ነው፤ ቋሚ ቦታ ያለው ሰው ቢሠራው አይጸጸትም።

ለሁለት አግዳሚ 4 ብሎን ይበቃል። ገንዘብ ካጠራችሁ ከጣውላው ጌጥ ቀንሱ እንጂ ሰፊውን ሮንዴላ አትተዉት፤ ያለ እሱ የብሎኑ ራስ በጠበቀ ቁጥር እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል።