ቀይ ሥር የማይመልሰው ደም ማነስ

ፊቱ የገረጣ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ካየን ምክራችን ያው ነው፤ «ቀይ ሥር ብላ!» አልፎ አልፎ ግን የችግሩ መነሻ ከገበታው ሳይሆን ከደረት ውስጥ ይገኛል።

ተረት፦ «ታይመስ ዕጢ አለብህ» ከተባልኩ ካንሰር ይዞኛል ማለት ነው።

እውነታ፦ አማርኛችን የተፈጥሮውንም የበሽታውንም «ዕጢ» ስለሚል ነው የሚምታታው። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚገኝ፣ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው አካል ነው። ቲ-ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ወገንና ጠላት መለየትን የሚማሩት እዚያ ነው። ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ በስብ ይተካል። በታይመሱ ላይ የሚበቅለው እብጠት ግን ታይሞማ ይባላል።

ተረት፦ ደም ማነስ ሁሉ የአይረን እጥረት ነው።

እውነታ፦ አብዛኛው ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ስለሆነ መቅኔ ያለ ዕረፍት መተካት አለበት። ታይሞማ ካለባቸው ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ትምህርታቸው የተበላሸ ቲ-ሴሎች የቀይ ሕዋስን ዘር ከመቅኔ ያጠፋሉ። ነጭ ሕዋስና ፕላትሌት ደህና ሆነው ቀዩ ብቻ ይጎድላል። አይረን ቢትረፈረፍም የሚሠራበት ሕዋስ የለም። እንዲያውም ደም ደጋግሞ የተሰጠው ሰው ሰውነቱ ውስጥ አይረን ስለሚከማች የአይረን እንክብል ሸክም ይጨምርበታል።

ተረት፦ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ ደሙ ይመለሳል።

እውነታ፦ ታይሞማው መውጣቱ ተገቢ ነው፤ የተሳሳቱት ወታደሮች ግን ቀድመው በሰውነት ተበትነዋል። ስለዚህ ብዙዎች እንደ ሳይክሎስፖሪን ያለ የሰውነት መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። ደም ማነሱ ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ የጀመራቸውም አሉ።

ተረት፦ የሚመላለስ የሳንባ ምች ብርድ ነው።

እውነታ፦ ታይሞማ ያለበት ሰው ፀረ እንግዳ አካላቱ ተመናምነው ሊሆን ይችላል፤ ምቹ የሚመላለስበትም ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ጉድ ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ ሕመሙም በስሙ ይጠራል። ሕክምናው የጎደለውን ኢሚውኖግሎቡሊን በየጊዜው መተካት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይመልሰውም።

እነዚህ ሕመሞች ብርቅ ናቸው፤ ደም ያነሰው ሁሉ የደረት ምርመራ ያድርግ አይባልም። አይረን በአግባቡ ተወስዶ ለውጥ ከሌለና ከመቅኔ አዲስ የሚወጡት ለጋ ቀይ ሕዋሳት ከጠፉ ግን ቀጣዩ እርምጃ ሌላ ብልቃጥ እንክብል አይደለም፤ የመቅኔ ምርመራና የደረት ሲቲ ስካን ነው።