የቡዳ ስምና የባለ እጅ ንቀት

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ያደግን ተማሪዎች በአይሁድ ላይ ስለሚደረገው ጥላቻ ስናነብ ነገሩ የአውሮፓ ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን አምሳያው በደጃችን ይገኛል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አይሁድ ከመሬትና ከሙያ ማኅበራት ስለ ተከለከሉ ብዙዎቹ ገንዘብ ወደ ማበደር ገቡ፤ ኋላም በአራጣው ተጠሉ። በእኛም አገር በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ መታዘዙን ትውፊት ይነግረናል። በጎንደር አካባቢ ርስት ያጡት ቤተ እስራኤል ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ገበሬው «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አለው። ዛሬ አይሁድ ዓለምን በስውር ይገዛሉ የሚለውም ወሬ ከዚህ አይለይም፤ ሁለቱም ለተገፋው ሰው የሌለውን ስውር ኃይል ይሰጡታል።

ሃይማኖት ብቻውን ምክንያት አይደለም፤ በወሎ ክርስቲያኑም እስላሙም ቀጥቃጭ በዚሁ ስም ይታማል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስሙ አልጠፋም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በዚያም የለገሱት ደም በምሥጢር ይጣል እንደ ነበር በ1988 ዓ.ም. ታወቀ። ንቀቱ ስሙን ለውጦ ተከተላቸው።

እኔም በልጅነቴ በመርሳ ገበያ ጀበና ሲገዛ ከሸክላ ሠሪዋ ዐይን ፊቴን በነጠላ ይሸፍኑብኝ ነበር። ጀበናው ግን ቤት ገባ፤ ቡናውም ተጠጣበት። እንግዲህ ምርመራችን ከራሳችን ቤት ይጀምር።