ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም

ተረት፦ «ክሪኩ ደህና ከሆነ ይበቃል። ለአምስት ደቂቃ ሥራ ጃክ ስታንድ ምን ያደርጋል?»

አሌክሳንድሪያ ውስጥ በዱክ ጎዳና፣ በቫን ዶርን ወይም በሴሚናሪ መንገድ ካሉት ትልልቅ አፓርታማዎች በአንዱ የመኪና ማቆሚያ እሑድ ከሰዓት የሚያልፍ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ሬገን ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው፣ ኡበርና ሊፍት የሚሠራው፣ ማታ ማታ ምግብ የሚያደርሰው ወገናችን ብዙ ነው፤ መኪናው እንጀራው ናት። መካኒክ ዘንድ ከሄደ ለአንድ ሰዓት የእጅ ሥራ ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ታስገድዳለች። ምርመራው 20 ዶላር ነው፤ መኪናዋ ከወደቀች ግን መስታወቱ ላይ የመውደቂያ ወረቀት ይለጠፍና አስተካክሎ ለመመለስ 15 ቀን ይሰጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወንድሞቻችን ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ሜሪላንድ ለደህንነት የምትመረምረው ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ነው። እዚህ ግን በፍሬን የወደቀ ሰው ሸራውን ገዝቶ ራሱ ሊቀይር መነሣቱ አይገርምም። የኪራይ ውሉ በግቢው ውስጥ መኪና መጠገን ስለሚከለክል ደግሞ ሳይታይ ቶሎ ለመጨረስ ይቸኩላል። ሲቸኩል መጀመሪያ የሚተወው ክብደቱን የሚሸከመውን ስታንድ ነው።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ክሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው በእጅ የሚዞረውን ነው። የላዳ ክሪክ በጎኗ ከሥር ባለው ቀዳዳ ይሰካል፣ ይዞራል፣ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ትነሣለች። ዘይት ስለሌለው የሚያፈሰው ነገር የለም፤ መልሰው ካላዞሩት አይወርድም። ላዳ ራሷም 10 ኩንታል ገደማ ብትመዝን ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከመኪና ሥር የሚሠራ መካኒክ ስናይ ያደግነው በማደያና በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ነው። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሰውየው ከታች ሆኖ ይፈታል፣ ያስራል። በዚያ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነገር አልነበረም። ከዚያ የቀረልን ትዝታ «ከመኪና ሥር መግባት ተራ ሥራ ነው» የሚል ነው፤ ጉድጓዱን ግን ረስተነዋል።

እዚህ የምንገዛው ባለ ጎማ ክሪክ አሠራሩ ሌላ ነው። እጀታውን ስትጫኑ ትንሿ ፒስተን ዘይቱን ወደ ትልቁ ትገፋለች፤ ትልቁ ፒስተን መኪናውን ያነሣል። ዘይቱ ተመልሶ እንዳይሄድ የሚከለክሉት በቫልቩ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ኳስና የጣት ቀለበት የምታክል የጎማ ማሸጊያ ናቸው። አንዲት ቅንጣት አሸዋ ከኳሷ ሥር ከገባች፣ ወይም ማሸጊያው በዓመታት ብርድና ሙቀት ከደረቀ፣ ዘይቱ ይመለሳል። አንዳንዴ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ባንድ ጊዜ። ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚታይ ማስጠንቀቂያ የለውም። እጀታው ደግሞ ማንሻ ብቻ ሳይሆን መልቀቂያም ነው፤ በትንሹ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ መኪናው ይወርዳል። ልጆች ብስክሌት በሚነዱበት ግቢ ያ እጀታ ወደ መተላለፊያው ተዘርግቶ እያለ አባታቸው ከሥር ተኝቷል።

እኔ ግን ከዘይቱ ይልቅ መንሸራተቱን እፈራለሁ። የባለ ጎማው ክሪክ ክንድ ሽቅብ ቀጥ ብሎ አይነሣም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ወይ ክሪኩ በትንንሽ ጎማዎቹ ወደ መኪናው ሥር መንከባለል አለበት፣ ወይ መኪናዋ ወደ ክሪኩ መሄድ አለባት። የክሪኩ ጎማዎች በጠጠር ተይዘው ወይም በሐምሌ ፀሐይ በለሰለሰ አስፋልት ሰጥመው ከቀሩ፣ የክሪኩ ራስ ከተቀመጠበት ቦታ እየተጎተተ ይወጣል። የመኪና ማቆሚያው መሬት ደግሞ ሜዳ ይመስላል እንጂ የዝናብ ውኃ እንዲወርድ ሆነ ተብሎ በትንሹ ዘመም ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ዘመምታ ዓይን አያየውም፤ መኪናዋ ግን ታውቀዋለች።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ክረምቱ ባለፈ በመጀመሪያው ሞቃት እሑድ አንድ ወጣት ሹፌር የካምሪውን የፊት ፍሬን ሸራ ሊቀይር ከትራንኩ የወጣችውን ትንሿን ክሪክ ደግኖ ጎማውን አንሥቷል። አጠገቡ ቆሞ ለሚያየው ጎልማሳ ጎረቤቱ፣ «ጋሼ፣ ከላይ ሰፈር ስታንድ ልዋስ እንዴ?» አለው። «ተው አንተ ደግሞ! ለፍሬን ሸራ?» አለው ሰውየው። ዳዶዎቹ ተፈቱ፤ ጎማው ግን አልወጣም። ክረምቱን በሙሉ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ቸርኬውንና መሐሉን በዝገት ያጣብቃቸዋል፤ እዚህ አገር የተለመደ ነው። ወጣቱ ሲወጣ እንዳይወድቅበት አንድ እጁን ከጎማው ሥር አድርጎ በእግሩ መታው። ሁለተኛ ሲመታው መኪናዋ ወደ ፊት ተንሸራተተች፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ ጎማው እጁ ላይ አረፈ። ሌላ ክሪክ ከሌላ መኪና አምጥተን አነሣንለት። ጊዜ አልወሰደም፤ የሁለቱ ጣቶቹ አጥንት ግን ደቅቆ ነበር። ዛሬ ሁለቱም አይታጠፉም። የመንገደኛ ሻንጣ አንሥቶ የሚኖር ሰው ነው።

ያ ጎልማሳ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያንኑ ምክር ለሌላ ልጅ ሲሰጥ ሰማሁት። «እኔ ሃያ ዓመት እንደዚህ ነው የሠራሁት፣ አንድ ቀን ወድቆብኝ አያውቅም» ይላል። ስልካችን ላይ የሚዞሩትም ቪዲዮዎች እንዲሁ ናቸው፤ ግማሽ አካሉን በአንድ ክሪክ ከተያዘ መኪና ሥር አስገብቶ «ቀላል ነው፣ ራሳችሁ ሥሩት» የሚል ሰው ሞልቷል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሃያ ዓመት አለመውደቁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን እንዲህ እያለ የሚመክረን የተረፈው ነው፤ ያልተረፈው ቪዲዮ አይሠራም። ደግሞስ በራሱ ደረት የፈለገውን ያድርግ፣ ገና መፍቻ መያዝ የሚማር ልጅን እንዴት እንዲህ ይመክራል?

ልኩን እንየው። ካምሪ 15 ኩንታል ያህል ትመዝናለች። የቅርብ ጊዜዋ ሲየና ከ20 ኩንታል በላይ ናት። ሞተሩ ከፊት ስለሆነ የካምሪዋ የፊት አንድ ጥግ ብቻውን ከ4 ኩንታል ያልፋል። ያ ክብደት ደረት ላይ ሲያርፍ ሰውየው አጥንቱ ባይሰበርም ሳንባው መተንፈስ አይችልም፤ መጮህም አይችልም። አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ብቻውን የሚሠራ ከሆነ ከመኪናው ሌላ ወገን የቆመ ሰው እንኳ ላያውቅ ይችላል።

እውነታው ይህ ነው፤ ክሪክ የተሠራው ለማንሣት ነው። ለመሸከም የተሠራው ስታንዱ ነው። በእያንዳንዱ ክሪክ ላይ በተለጠፈው ማስጠንቀቂያ አምራቾቹ ራሳቸው ይህንኑ ጽፈዋል። ሁለት ስታንድ ከ30 እስከ 50 ዶላር ይገዛል፤ አምስት ጎረቤታሞች አንድ ጥንድ ቢጋሩ ይበቃቸዋል።

አሠራሩ አድካሚ አይደለም። ከምታነሡት ጫፍ በተቃራኒ ያሉትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ያዙ። አገር ቤት የጭነት መኪና ረዳት መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ድንጋይ የሚወትፈው አለምክንያት አይደለም። ዳዶውን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ አላሉት፤ ከተነሣ በኋላ መታገል መኪናውን ያንቀሳቅሰዋል። በበሮቹ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ፣ ከጎማዎቹ አጠገብ፣ ፋብሪካው የማንሻ ቦታውን ምልክት አድርጎበታል፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍም ያሳያል። ከዘይት ቋቱ ሥር ወይም ከማርሚታው አጠገብ ክሪክ የሚደግን ሰው መኪናውንም ራሱንም ይጎዳል። አንሡ፣ ስታንዱን አስገቡ፣ ከዚያ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ አላሉትና ክብደቱ ስታንዱ ላይ ይረፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ስታንዱን አጠገቡ አቁመው ክብደቱን ክሪኩ ላይ ይተዉታል። በበጋ አስፋልት ላይ ከስታንዱ እግር ሥር ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላይውድ አንጥፉ፤ አለበለዚያ እግሮቹ ይሰጥማሉ።

ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ነቅንቁት። «ኧረ እንዳይወድቅ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ሊወድቅ ከሆነ አሁን ይውደቅ፤ ከሥር ማንም የለም።

«የተፈታውን ጎማ ከሥር አስገባና ይበቃል» የሚሉም አሉ። ይህኛው ግማሽ እውነት ነው። ጎማው ከስታንዱ በተጨማሪ ጥሩ መከታ ነው፤ መኪናው ቢወርድ ክፍተት ሊተው ይችላል። ብቻውን ሕይወት ያድናል ብዬ ግን አልምልም፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳይሆን ወደ ጎን ከሄደች ጎማው የሚከለክለው ነገር የለም።

ብሎኬትስ? በፍጹም። መሐሉ ክፍት የሆነ ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ክብደት ሲዘረጋበት ይችላል፤ በአንዲት የብረት ጠርዝ ሲጫኑት ግን ሳይሰነጠቅ ቆይቶ ባንዴ ይፈርሳል። የድንጋይ ድርድርም ያው ነው።

«ፓርክ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ሰው ካምቢዮው ውስጥ ያለውን አያውቅም። ፓርክ የሚቆልፈው የሚነዱትን ጎማዎች ነው፤ በካምሪና በፕሪየስ የፊቶቹን። አንዱን የፊት ጎማ ስታነሡት በዲፈረንሻሉ በኩል አየር ላይ ያለው ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት መንከባለል ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ የኋላዎቹን ነው የሚይዘው፤ የኋላውን ጫፍ ካነሣችሁት እሱም አብሮ ይነሣል። ታኮው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያ ወጣት የእጅ ፍሬኑን አልሳበም ነበር፤ ፓርክ ላይ ተማምኖ።

«ክሪኩ ላይ 3 ቶን ተጽፏል» ማለትም አያዋጣም። የተጻፈው ምን ያህል እንደሚያነሣ ነው፤ አይንሸራተትም የሚል ቁጥር የለም።

የፕሪየስ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። ድምፅ የለውም ማለት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው መብራት እየበራ ከሆነ ሞተሩ በፈለገ ሰዓት ራሱ ሊነሣ ይችላል፤ አጥፉትና ቁልፉን ከመኪናው አርቁት።

ዘይት ለመቀየር ብቻ ከሆነ ደግሞ ስታንድም ላያስፈልግ ይችላል። ጥንድ ራምፕ ገዝታችሁ የፊት ጎማዎቹን እየነዳችሁ አውጧቸው፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ። መኪናው በገዛ ጎማው ቆሟል፤ ለአገር ቤቱ ጉድጓድ ከዚህ የሚቀርብ የለም። ለፍሬን ግን አይሆንም፤ ጎማው መውጣት አለበትና።

የመጨረሻው ተረት፣ ስታንድ ከተገዛ በኋላ የሚመጣው እምነት ነው፦ «ስታንድ ስታንድ ነው፣ አይወድቅም»። በ2020 ሃርበር ፍሬት የተባለው የመሣሪያ ሱቅ ፒትስበርግ የሚል ስም ያላቸውን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ስታንዶች ከገበያ መልሶ ጠርቷል። ጥርሱን የምትይዘው ምላስ በደንብ ሳትነክስ ቀርታ መኪናው ላይ እያለ ስታንዱ ባንዴ ሊወርድ ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ምትክ ሆኖ ከተሰጠው ስታንድ ከፊሉ ደግሞ በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠርቷል። ያገለገለ ስታንድ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ሰፈራችን እነዚያ ዕቃዎች ሁሉ ተመልሰዋል ብዬ አላምንም። የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ 61196፣ 61197፣ 56371 ወይም 56373 የሚል ቁጥር ካለበት ወይም ወረቀቱ ተልጦ ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ መኪና አታሳርፉበት። በሌላውም ቢሆን ስታንዱን ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ ምላሷ ጥርሱ ውስጥ እስከ ታች መግባቷን በዓይናችሁ እዩ፤ መያዣ ፒን ካለው ደግሞ ፒኑን ሳትሰኩ ክሪኩን አታላሉ።